በአማርኛ ይበልልኝ

ባለፈው ሳምንት የጉልበቴን ቅባት ልገዛ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ወርጄ ከአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ቆሟል፤ ኮት የለበሰ፣ ክራባት ያሰረ፣ ከዘራ የተደገፈ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ጉብል ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ በአንድ እጁ ስልኩን እየነካካ፣ ኪኒኑ ከምግብ በኋላ እንደሚዋጥ ይነግረዋል። ሽማግሌው ጆሮው ከብዷል መሰለኝ፣ «እንዴት አልከኝ፣ ልጄ?» ይላል። ደግሞ ነገረው። ደግሞ አልሰማውም። ጉብሉ ወደ ባልደረባው ዞረና «ስቱፒድ» ብሎ ሳቀ። ያን ሁሉ አማርኛ ያልሰማ ጆሮ ይህችን አንዲት ቃል ሰማ። የሽማግሌው አንገት እንደ ኤሊ ኮቱ ውስጥ ሲገባ ከኋላው ሆኜ አየሁት።

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ልጆቼ ያውቁታል፤ ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሁሉ በላይ ታውቀው ነበር። ደሜ ፈላ። ዱላዬን ጨብጬ ወደ መስኮቱ ልጠጋ ስል ሽማግሌው ፊቱን ወደ እኔ መለስ አደረገ፣ እኔም ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ግዛቸው ነው። የቁስቋሙ ግዛቸው፣ የእሜቴ አገርነሽ ልጅ። ያችን «ስቱፒድ» የምትባል ቃል በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ከእሱው አፍ ነው። ከመስኮቱ ፊት ምን እንዳደረግሁ ቆይቼ እናገራለሁ። መጀመሪያ ይህ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከእኔ ጋርም ምን እንዳለን ይታወቅልኝ።

ዘመኑ ጣልያን ወጥቶ፣ ጃንሆይ ተመልሰው፣ አገሩ ረግቶ ሰው ልብስ መምረጥ የጀመረበት ዘመን ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ዓመት መያዝ የተማረ ሰው ሥራ ነው። እኔ የያዝኩት ሌላውን ነው። ፒያሳ፣ ጣልያን ትቷቸው በሄዳቸው ቢጫ ቤቶች በረንዳ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደርድረው ቀኑን ሙሉ ያንቀጫቅጩ ነበር። የካኪ ጨርቅ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ሰው ዞሮ ያየው ነበር። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ያውም ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ተኝቶ እስኪታይ። ስሙኒ የያዘ ሰው ገበያ ሲወርድ ኪሱን እየዳበሰ ነበር የሚራመደው። ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣው የጭነት ማኪና ሰውን ከገብስ ጆንያ ላይ ጭኖ ይመጣል፤ ሰዉ ሲወርድ ከራሱ እስከ እግሩ አቧራ ለብሶ ወንድም ወንድሙን በድምፁ ነበር የሚለየው። አመሻሽ ላይ ከጠጅ ቤቶቹ ማሲንቆ ይሰማል። ዛሬ በዚያው በረንዳ ሳልፍ የስልክ ሽፋን ይሸጡልኛል። ለምኔ ነው? ራሴን የምሸፍንበት አጥቻለሁ።

እኔ ከወገራ ነው የመጣሁት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለች መንደር። ፊደል ቆጥሬ፣ መልእክተ ዮሐንስን ጀምሬ፣ ዳዊት ሳልደርስ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ሚስት አግብቼ መሬቱ አልበቃ ሲለኝ ከተማ ገባሁና የከብት መድኃኒት የሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት በዘበኝነት ቀጠረኝ። የናስ ቁልፍ ያለው የካኪ ካፖርት ሰጡኝ። ያን ካፖርት ለብሼ መጀመሪያ ወደ ቤቴ የሄድኩ ዕለት ሚስቴ ሹም የመጣ መስሏት ከመደቡ ተነሣችልኝ። እንደሱ ያለ ሸጋ ካፖርት ከዚያ ወዲህ አልለበስኩም።

የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አንድ ረጅም ፈረንጅ ነበር። ጎማው ሲተነፍስበት «ኖንሰንስ» ይላል፣ ቡናው ሲቀዘቅዝበት «ኖንሰንስ» ይላል። ሰውን ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም፤ የሚሰድበው ጎማውን ነው። ግዛቸው ጸሐፊውና አስተርጓሚው ነበር፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ። እንግዲህ ይህ ግዛቸው ፈረንጁ ለጎማ ያወጣውን ቃል ወስዶ ለሰው አደረገው። ፈረንጁ ገጠር ሲወጣ ቢሮው የእሱ ነው፤ ወንበሩም የእሱ ነው፤ አፉም እንዳሻው ነው።

የተለማመደው በእኔ ላይ ነው። ሻይ ሳዘገይ «ሌዚ»፤ በሩን ነፋስ ሲመታው «ኬርለስ»፤ አንድ ነገር ሁለቴ ስጠይቀው «ስቱፒድ»፤ ሦስቴ ስጠይቀው «ኢዲየት»። ገበሬ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሮ ሲያስረዳ «ኖንሰንስ»። ብዙ ገበሬ አንድ ላይ ሲመጣ «ባክዋርድ»። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ እንደ ክርስትና ስም ያወጣልኝ «ዩስለስ» ነበር። ጠዋት ስገባ «ዩስለስ መጣህ?» ይላል፤ ማታ ስወጣ «ዩስለስ በሩን ዝጋ» ይላል። ትርጉሙን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ጀርባዬ ላይ ሲያርፉ ሲያርፉ አንዱን ካንዱ ለየሁ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የዚያ አገር ሰው እናቱን አይወድም? ልጁን አይመርቅም? እንግዳውን ግባ ብሎ አይቀበልም? ይህ ሁሉ ቃል አላቸው ይላሉ የሚያውቁት፤ ያውም መልካም መልካሙ። ታዲያ ምነው ወደ እኛ ሲመጣ ስድቡ ቀድሞ ደረሰ? ጫማ ሲመጣ ከነማሰሪያው ነው የመጣው። ማኪና ሲመጣ ከነጎማው ነው። ቋንቋው ብቻ ምርቃቱን ወደብ ላይ ጥሎ መጣ? ዛሬማ ብሷል። ሦስት ዓመት ያልሞላው የጎረቤቴ ልጅ ውሃ ስጡኝ ማለት ሳይችል «ስቱፒድ» ይላል፣ እናቱም ተናገረልኝ ብላ ታጨበጭባለች።

እኛ ቅዱሳን ነበርን አልልም። ለሸማኔው፣ ለሸክላ ሠሪዋ ምን እንል እንደነበር አውቃለሁ፤ እግዜር ይጠይቀናል። ነገር ግን የእኛ ስድብ በር ነበረው። የተሰደበው ሰው የተባለውን ያውቃል፤ አጠገቡ የቆመውም ያውቃል። መመለስ ቢሻ ይመልሳል። መካሰስ ቢሻ ምስክር ይቆጥራል። ይቅር ማለት ቢሻም ምኑን ይቅር እንደሚል ያውቃል። ጣልያንም በማናውቀው አፍ ሰድቦናል፤ እሱ ግን ጠላት ነው፣ ከጠላት ምርቃት አይጠበቅም። የጎረቤትህ ልጅ፣ ክርስትናውን የበላህለት ልጅ፣ ከአጥር ኋላ ተደብቆ ድንጋይ ሲወረውርብህ ግን ምን ይባላል? በዚያ ሰሞን ጠጅ ቤት አንድ አዝማሪ፦

ባሕር ማዶ ተምሮ በማላውቀው ሰድቦኝ፣
እግዜር ይስጥህ አልኩት የመረቀኝ መስሎኝ።

ሲል ሰምቼዋለሁ። ቤቱ በሳቅ ሲሞላ እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

አያ ቢያድግልኝ በዚህ መካከል ነው የመጡት። አያ ቢያድግልኝ የመንደራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ወገራ ውስጥ ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ወሰን ቢገፋ፣ ደም ቢፈስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓመት በመንደራችን ሁለት ቤት ደም ተቃብቶ ነበር። አንዱ ቤት ልጁን ቀብሯል፤ ሌላው ቤት ልጁን ሸሽጓል። ሴቶቹ እንኳ ምንጭ የሚወርዱት ተራ ለይተው ነበር። አያ ቢያድግልኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ሲመላለሱ ከርመው በመጨረሻ እሺ አሰኝተዋል፤ እርቁ ከቁስቋም በዓል ቀጥሎ ላለው እሑድ ተቆርጧል። እስከዚያው ደግሞ ከብቱን በሽታ ገብቶበት ስለነበር፣ ከታቢ ይላክልን ብለው ሊለምኑ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት መጡ።

በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ገቡ። መተላለፊያው ከጃናሞራና ከጭልጋ በመጣ ባለጉዳይ ሞልቷል፤ የግዛቸው በር ክፍት ነው። አያም እንደ አገሩ ወግ አስቀድመው ጤንነቱን ጠየቁ፣ ቀጥሎ የእናቱን ጤንነት፣ ቀጥሎ ስለ ክረምቱ ተናገሩ፣ ከዚያም ማን ቤት የማን በሬ ቀድሞ እንደወደቀ ጀመሩ። ነገር እንዲህ ነው የሚነገር። ዳኛ ፊት እንኳ እንዲህ ነው የሚነገር። ግዛቸው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና «ስቱፒድ ኦልድ ማን» አለ፤ ቀጥሎም ወደ መተላለፊያው ሰው ሁሉ እያየ «ባክዋርድ ፒፕል»፤ ከዚያም በጣቱ በሩን አሳያቸው። ቃሉን ያወቀ የለም፤ ክፉ መሆኑን ያላወቀም የለም። አያ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው ደፉና ወጡ።

በረንዳው ላይ ደረስኩባቸው።

«ፈንታ፣» አሉኝ፣ «ይህ ልጅ ምን አለኝ?»

«ተቆጣ፣ አያ።»

«መቆጣቱንስ አየሁት፣ ዓይን አለኝ። ምን አለኝ ነው የምልህ።»

«አልነግርዎትም።»

«ምነው?»

«እሱ አንዴ ሰደበዎት። እኔ በአማርኛ ከደገምኩት ሁለተኛው ሰዳቢ እኔ ነኝ። የሰደበኝ የነገረኝ ነው ይባል የለም?»

«እንግዲያ ስድብ ነው።»

«ስድብስ ስድብ ነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ።

«እሑድ በሁለት ደመኛ መካከል ልቆም ነው፣» አሉ። «አንተም ታውቀዋለህ፣ ቂም የያዘ ሰው አያስታርቅም። በሆዴ ቂም ይዤ ለልጁ ገዳይ ይቅር በል ብለው፣ እግዜርም አይሰማኝ፣ ሰውየውም አይሰማኝ።»

«ታዲያ ይቅር ይበሉታ። ልጅ ነው።»

«ምኑን?» ብለው ቀና አሉ። «ምን እንደተባልኩ ሳላውቅ ምኑን ነው ይቅር የምለው? የማላየውን ሸክም ከየት በኩል ይዤ ላውርደው?»

ይከሰስ እንዳልል፣ የሰማው ሁሉ አላወቀውም፤ ያወቁት ደግሞ ከግዛቸው ጋር ምሳ የሚበሉ ናቸው። እንግሊዝኛ ማለት ያኔ ለሰዳቢው እንዲህ ያለ ምሽግ ነበር። ዱላ ቢያነሣ መቶ ምስክር በቆመበት ነበር።

«እናት አለችው?» አሉኝ አያ።

«አለችው፣ ቁስቋም።»

«ምራኝ።»

እሜቴ አገርነሽ ከፍርስራሹ ግንብ በታች ባለች ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ባል የሞተባቸው፣ አንዱን ልጅ በእንዝርት ያስተማሩ ሴት ናቸው። ከልጃቸው መሥሪያ ቤት መምጣታችንን ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ ገና ሳንቀመጥ ያመሰግኑት ጀመር።

«ልጄ እንግሊዝኛ ሲናገር ሰምታችኋል? እንደ ዝናብ ነው አሉ የሚያወርደው።»

«ዘንቦብኛል፣ እሜቴ፣» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

እንዝርቱ ቆመ። እሜቴ አገርነሽ አንዴ አያን፣ አንዴ እኔን አዩ። የሆነውን እኔ ነገርኳቸው፤ ቃሉን ግን ለእሳቸውም አልተናገርኩም።

«ካሳ ነው የሚሹት?» አሉ በመጨረሻ።

«ካሳ አልፈልግም። ያለኝን በአማርኛ ይበልልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ነው።»

እሜቴ ጥጡን ወደ ሰፌዱ መለሱ። «የቁስቋም ዕለት፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር አቆምልዎታለሁ። ካልመጣ የጠባው ጡት ይፍረድበት» አሉ።

በማግስቱ ግዛቸው ቢሮው አስጠራኝ። በእንግሊዝኛ አልተናገረም፤ ያን ቀን አማርኛው መጥቶለት ነበር።

«ፈንታ፣ የማታውቀው ነገር ውስጥ ገብተሃል።»

«የማውቀው ውስጥ ነው የገባሁት፣ አቶ ግዛቸው።»

«እንጀራህን እያየህ።»

«እሷንም እያየሁ።»

የቁስቋም ዕለት መቼም ጎንደር ሁሉ ወደዚያ ዳገት ነው። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከታች ስታየው ዳገቱ ጥጥ የተሰጣበት ይመስላል። ታቦቷ ገብታ ሰዉ ሲበተን እኛ ከጽዱ ሥር ተሰበሰብን። የኔታ መካከል ተቀመጡ፤ ግዛቸውን ልጅ ሆኖ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ግራ ቀኝ ተቀመጡ። እሜቴ አገርነሽ ትንሽ ራቅ ብለው ከግንቡ ሥር ቆሙ። ግዛቸው ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ቀይ ክራባት አስሮ፣ ጠጉሩን በቅባት አስተኝቶ መጣ።

«በሥራ ብስጭት ነው፣» አለ ሳይጠየቅ። «ቃሉም ይህን ያህል ትርጉም የለውም። እንግሊዝኛው እንደዚያ ነው፤ ሁሉም ይለዋል።»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። ስድብ እንደሆነ ተናገርኩ።

«ይህ ዘበኛ ነው እንግሊዝኛ አዋቂው?» አለ ግዛቸው። «እስቲ ኤ ቢ ሲ ዲን ይቁጠርልኝ።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እኔም፣ «አህያ ዱላን ያወቀችው ፊደል ቆጥራ ነው?» አልኩ። አሁንም ሳቁ፤ የኔታ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ምላስህ ሸጋ ነው፣ ልጄ። ምስክርነትህን ግን አልይዘውም። በማታውቀው ቋንቋ መማል አትችልም» አሉ። ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ። ያን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩት እኔ፣ የማላውቀውም እኔ!

ይኼኔ አያ ቢያድግልኝ ተነሡ። በትራቸውን ዛፉ ላይ አስደግፈው ባዶ እጃቸውን ከግዛቸው ፊት ቆሙ።

«ምስክር ይቅር፣» አሉ። «ያን ዕለት በጠረጴዛው ላይ ያለኝን ቃል አሁን እዚህ በአማርኛ ይበልልኝ። ሌላ የምጠይቀው የለም። ይኸው ከፊቱ ነኝ።»

ግዛቸው አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ጫማውን አየ። ዳገቱን የሚወርዱት ሴቶች እልልታ ከሩቅ ይሰማል።

«በል እንጂ፣» አሉ እሜቴ አገርነሽ ከቆሙበት። «እንደ ዝናብ አልነበርክ?»

«ሶሪ፣» አለ ግዛቸው።

«ምን አለ?» አሉ እናቱ።

«ይቅርታ ማለቱ ነው፣ እሜቴ» አልኩ።

አያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በማላውቀው ሰድቦኝ በማላውቀው ሊክሰኝ ነው? እሱንም አልሰማሁትም። አማርኛውን ይበለኝ።»

ላብ ከቅባቱ ጋር ተደባልቆ በግንባሩ ይወርድ ጀመር። ክራባቱን ፈታ አደረገ። ያ በቢሮው በአንድ ትንፋሽ ያወጣውን ቃል አሁን እንደ ምጥ ነው የያዘው። ያን ጊዜ የገባኝ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፦ አያን መስደቡ አልነበረም ያስቸገረው፤ እሱንማ አድርጎታል። እናቱ በምትሰማበት አፍ መስደብ ነው ያቃተው። እንግሊዝኛው ባዕድ ቤት ነበር፣ እዚያ ገብቶ ያሻውን ሰብሮ ይወጣል። አማርኛው ግን ያደገበት ቤት ነው።

በመጨረሻ፣ ከእኛ ከቅርቦቹ በቀር ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ደደብ ሽማግሌ ነው ያልኩዎት፣» አለ። «ሕዝቡን ደግሞ... ኋላ ቀር ሕዝብ ብዬ።»

እሜቴ አገርነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

አያ ቢያድግልኝ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው አፋቸውን አንቀሳቀሱ። «ደደብ፣» አሉ። «እንግዲህ በሬ ስገዛ ሁለቴ ተታልያለሁ። ሚስቴም ብላኛለች። ይህን ወሰድኩት። ኋላ ቀር ያልከው ግን፣ ከማን ኋላ ነው የቀረን?»

«ከሠለጠነው ዓለም።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያ አብረን ነዋ የቀረን» አሉ። የኔታ ሳይቀሩ ሳቁ። ግዛቸው ራሱ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልታወቀውም። አያ ቀኝ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። «ሰማሁህ። አሁን አየሁት ሸክሙን፤ ትንሽ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበልህ።» ግዛቸው በሰማያዊው ሱሪው ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። አቧራውን ሳያራግፍ ነው ወደ ቤቱ የሄደ።

እሑድ ዕለት እርቁ ሆነ። እኔ አልነበርኩም፣ የነበሩት ናቸው የነገሩኝ። አያ በሁለቱ ቤቶች መካከል ቆመው መጀመሪያ ያሉት፣ «የሆነውን በየስሙ ጥሩት፣ ከዚያ ይቅር ትባባላላችሁ» ነው አሉ። ገዳዩ የገደለውን ልጅ በስሙ ጠራ። አባትየውም ሰማው። እስከ ዛሬ እነዚያ ሁለት ቤቶች ይጋባሉ። ከታቢውም ተላከ፤ ፈረንጁ ራሱ ጎማውን እየሰደበ ወጣላቸው።

እኔስ? ሰኞ ጠዋት ግዛቸው ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ካፖርቱን አስቀምጠህ ሂድ፣ ዩስለስ» አለኝ። የአያን ጉልበት የሳመበት አፍ ገና አልደረቀም። የናስ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታሁና ወንበር ላይ አጣጥፌ አኖርኩት። የኅዳር ብርድ ነው። በሸሚዜ ሆኜ በልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ሳልፍ መኪኖቻቸው ሁሉ የቆሙ መሰለኝ። ሚስቴ ሳልናገር ገባት፤ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችኝ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸከምኩ፣ ድንጋይ ጫንኩ፣ ልጆቼን አሳደግሁ። ግዛቸው ከፍ አለ፣ ማኪና ነዳ፣ መንግሥት ሲለወጥ ዝቅ አለ፣ ጡረታ ወጣ። ከተማዋ ትንሽ ነች፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ነካ ያደርጋል። እኔ አጸፋውን መልሼ አላውቅም። እልኸኛ ነህ ይሉኛል። ለአያ የተደረገው ለእኔ ለምን አልተደረገም? እኔ ወገራን የማላስታርቅ ተራ ዘበኛ ስለሆንኩ ነው? የተራ ሰው ቂም ሆድ አያቆስልም?

ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ልመለስ። ግዛቸው መሆኑን ሳውቅ፣ አልዋሽም፣ «እሰይ፣ ቅመሳት» ብያለሁ በልቤ። ከዚያ ግን እንደገና አንገቱን አየሁት። አያ ቢያድግልኝ የተባሉትን አላወቁም ነበር። ይህ ሰው አስተርጓሚ አያሻውም፤ ከነፍሬዋ ነው የዋጣት። ዱላዬ ሳላዘው መስኮቱን ቆረቆረው።

«አንተ ልጅ።»

«አባት፣ ተራዎትን ይጠብቁ።»

«የተራ ነገር አይደለም። አሁን ለእኚህ ሰው ያልከውን በአማርኛ በልልኝ።»

«ምን አልኩ?»

«አንተ ታውቀዋለህ። እሱም ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። በአማርኛ በልልኝ።»

ጉብሉ ስልኩን አስቀመጠ። አንዴ ባልደረባውን አየ፣ እሱ ዘወር አለ። ጆሮው ቀላ፤ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። እኔ ይህን አፍ አውቀዋለሁ፣ ከጽዱ ሥር አይቼዋለሁ። ኋላም ጎንበስ ብሎ መድኃኒቱን በመስኮቱ አወጣና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከምግብ በኋላ ነው፣ አባቴ። ከምግብ በኋላ» አለ። ይቅርታ አላለም። ይሁን፣ «አባቴ» ማለትን አልረሳትም።

ቅባቴን ይዤ ስወጣ ግዛቸው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሁለታችንም በዱላ የቆምን ነን።

«ፈንታ፣» አለኝ።

«ምነው።»

«ያን ጊዜ... ዩስለስ እልህ ነበር።»

«ትለኝ ነበር እንጂ።»

«ሶ...» ብሎ ጀመረና ራሱ አቆመው። «ይቅርታ ልል ነው።»

«እዚህ ደረጃ ላይ አይሆንም፣» አልኩት። «በመጀመሪያ ዩስለስ ያልካትን በአማርኛ። ከሰው ፊት። የቁስቋም በዓል ደርሷል፤ ጽዱም እንዳለ ነው።»

«ማን ቀርቶ፣ ፈንታ?» አለ። «አያ ቢያድግልኝ የሉ፣ የኔታ የሉ፣ እናቴ የለች። ማን ይሰማኛል?»

«እኔ አለሁ፣» አልኩት።

ከነገ ወዲያ ነው በዓሉ። ጉልበቴን ቅባቱን እያሸሁት ነው፣ ዳገቱ ቀላል አይደለም። ከመጣ እሰማዋለሁ፤ የማትረባ ብዬህ ነበር ካለኝ፣ እጄን ትከሻው ላይ እጥላለሁ። ሶሪ ያለ እንደሆን ግን እንደመጣ ዳገቱን ይውረድ።